የሸሪዓ ፍርድ ቤት በድሬዳዋና በሐረር፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ድሬዳዋ ላይ ሰው ሞቶ ለቅሶው ሳያበቃ የቤት ጉዳይ ይነሳል። አንዱ ወንድም «በሸሪዓ ይታይልን» ይላል። ሌላው «መደበኛ ፍርድ ቤት ይሻላል» ይላል። እህቶች ብዙ ጊዜ ዝም ይላሉ። እናትማ ፈርሚ ያሏትን ትፈርማለች። ሐረርም ያው ነው። ጀጎል ውስጥ ያለ አንድ አሮጌ ቤት ስንቱን ዘመድ አኳርፏል!

እዚህ የሰበሰብኳቸው ሰዎች ደጋግመው የሚያነሷቸው ጥያቄዎች ናቸው። ከሁሉም በላይ እንዲገባችሁ የምፈልገው አንድ ነገር አለ። በእኛ አገር የሸሪዓ ፍርድ ቤት ሥልጣን የሚያገኘው ከተከራካሪዎቹ ፈቃድ ነው። «እሺ» ከማለታችሁ በፊት ለምን እሺ እንደምትሉ እወቁ። እዚህ የተጻፈው ጉዳያችሁን ቁጭ ብሎ የሚያይላችሁን ጠበቃ ወይም የሃይማኖት አዋቂ አይተካም። ግን ወደ እነሱ ስትሄዱ ባዶ እጃችሁን አትሄዱም።

የሸሪዓ ፍርድ ቤት የመስጊድ ነው የመንግሥት?

የመንግሥት ነው። የፌዴራሉ የሚሠራው በ1992 ዓ.ም. በወጣው አዋጅ ቁጥር 188 ነው። ሦስት ደረጃ አለው፤ የመጀመሪያ ደረጃ፣ ከፍተኛና ጠቅላይ። ቃዲዎቹን (ዳኞቹን) የሚያቀርበው የእስልምና ጉዳዮች ጠቅላይ ምክር ቤት ነው። የሚሾሙት ግን በፌዴራል የዳኞች አስተዳደር በኩል ነው። በጀቱም ከመንግሥት ነው።

ችሎቱን ብታዩት ከሌላው ብዙም አይለይም። ክስ በጽሑፍ ይቀርባል፣ መጥሪያ ይላካል፣ መልስ ይሰጣል፣ ምስክር ይሰማል። የክርክሩ አካሄድ የሚመራው በአገሪቱ የፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕግ ነው። ፍርዱ የሚሰጠው ግን በእስልምና ሕግ ነው።

የሰፈር ሽማግሌ ወይም ኢማም ቁጭ አድርጎ ሲያስታርቃችሁ ሌላ ነገር ነው። መልካም ነገር ነው፣ ብዙ ቤት አትርፏል። እንደ ፍርድ ቤት ውሳኔ ግን አትቁጠሩት።

ምን ምን ጉዳይ ያያል?

ጋብቻ፣ ፍቺ፣ ቀለብ፣ የልጅ ሞግዚትነትና የቤተሰብ ዝምድና። ከዚያ ደግሞ ውርስ፣ ኑዛዜ፣ ስጦታና ወቅፍ (ለበጎ ሥራ ለዘለቄታው የተሰጠ ንብረት)። በውርስ ጊዜ ሟቹ ሲሞት ሙስሊም መሆን አለበት። በስጦታና በወቅፍ ደግሞ ሰጪው።

በቃ፣ ይኸው ነው። የንግድ ብድር፣ የኪራይ ወይም የአጥር ክርክር አይገባውም። ወንጀልማ ጭራሽ አይነካም። «እጅ ይቆርጣሉ ወይ?» ብሎ የሚጠይቅ አሁንም አለ። በኢትዮጵያ የሸሪዓ ፍርድ ቤት በወንጀል አይቀጣም።

የድሬዳዋውና የሐረሩ አንድ ነው?

ሥራቸው ይመሳሰላል፣ አስተዳደራቸው ይለያል። ድሬዳዋ እንደ አዲስ አበባ ተጠሪነቷ ለፌዴራል መንግሥት ነው። ስለዚህ እዚህ የምታገኙት የፌዴራል የሸሪዓ ፍርድ ቤት ነው። ሐረሪ ግን የራሱ ምክር ቤት ያለው ክልል ነው። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 78 ንዑስ አንቀጽ 5 ደግሞ የክልል ምክር ቤቶችም የሃይማኖት ፍርድ ቤት እንዲያቋቁሙ ወይም እውቅና እንዲሰጡ ይፈቅዳል።

የቤተሰብ ሕጉም እንደዚያው ነው። ድሬ ላይ የሚሠራው በ1992 የወጣው የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ፣ አዋጅ ቁጥር 213 ነው። ሐረሪ የራሱን አውጥቷል። በሚኒባስ አንድ ሰዓት ገደማ መንገድ ነው፣ ግን ጠበቃ ስትጠይቁ የትኛው ከተማ ላይ እንደሆናችሁ አስቀድማችሁ ንገሩት።

መጥሪያ ደረሰኝ። በሸሪዓ መዳኘት አልፈልግም። ዝም ብል ምን ይሆናል?

እባካችሁ ይቺን በደንብ አንብቧት። ዝም ማለት እምቢ ማለት አይደለም።

በፌዴራሉ አዋጅ መሠረት መጥሪያ በአግባቡ ደርሶት ያልቀረበ ተከሳሽ እንደተስማማ ይቆጠራል። ጉዳዩ እሱ በሌለበት ይታያል። «እኔ መቼ ተስማማሁ?» ብሎ ቤቱ የተቀመጠ ሰው ውሳኔውን የሚሰማው ካለቀ በኋላ ነው። በተለይ ሴቶች ላይ ይህ ሲሆን ያሳዝነኛል። መጥሪያውን የተቀበለው ሌላ ሰው ይሆናል፣ ወይም «አንቺ ምን አገባሽ፣ እኛ እንጨርሰዋለን» ተብላ ትቀራለች።

ስለዚህ ሂዱ። ቅረቡና ተናገሩ። በመጀመሪያው ቀጠሮ ጉዳያችሁ በዚህ ፍርድ ቤት እንዲታይ ፈቃደኛ አለመሆናችሁን ግለጹ። በጽሑፍ ብትሰጡ ይመረጣል። መዝገብ ላይ መስፈሩን አረጋግጡ። ፈቃድ ከሌለ ፍርድ ቤቱ ጉዳዩን ሥልጣን ወዳለው መደበኛ ፍርድ ቤት ይመራል። ለምን እንዳልፈለጋችሁ ማስረዳት የለባችሁም። በዚህ ምክንያት እምነታችሁን የሚለካ ሰው ቢኖር እሱ ነው የተሳሳተው። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 34 ንዑስ አንቀጽ 5 የግልና የቤተሰብ ጉዳይ በሃይማኖት ሕግ እንዲዳኝ የፈቀደው በተከራካሪዎቹ ፈቃድ ላይ ተመሥርቶ ነው።

ይህ ወረቀት ላይ ብቻ የቀረ መብት አይደለም። አንዲት ሴት አዲስ አበባ ላይ በውርስ ጉዳይ በሸሪዓ ፍርድ ቤት ተከሰሰች። ቀርባ ተቃወመች። ፍርድ ቤቱ ተቃውሞዋን አልፎ ፈረደ። ይግባኝ አለች፣ አልሆነም። ሰበር ደረሰች፣ አልሆነም። በመጨረሻ ነገሩ የፌዴሬሽን ምክር ቤት ጋ ደረሰ። ምክር ቤቱም በ1996 ዓ.ም. ያለ ፈቃዷ የተሰጠው ውሳኔ ሕገ መንግሥቱን ይጥሳል ብሎ ወሰነ።

ውሳኔው ሸሪዓን ያዳክማል የሚሉ አሉ። እኔ አልስማማም። በፈቃዱ የመጣ ሰው የተፈረደበትንም አምኖ ይቀበላል። ተጎትቶ የመጣ ግን ሕጉንም ቃዲውንም ሲያማ ይኖራል። ሸሪዓን የሚወድ ሰው ይህን ሊመኝለት አይገባም።

አቦ፣ ቤተሰብ እንዳይቀየመኝ ብዬ እሺ አልኩ። አሁን ብመለስስ?

አንዴ ፈቃድ ተሰጥቶ ክርክሩ ከተያዘ ወደ መደበኛው ማዞር አይቻልም። በመደበኛው የተጀመረውንም ወደ ሸሪዓ ማዞር እንደዚያው። ዘመድ እንዳይቀየም ተብሎ የሚሰጥ ፈቃድ ስንት ዓመት የሚቆይ ቅያሜ እንደሚያመጣ ድሬ ላይ የኖረ ሁሉ ያውቀዋል።

ለመሆኑ ሕጉ ከየት መጣ? ሁሉም ቁርኣን ላይ አለ?

የለም። ቁርኣን የውርስ ድርሻን በዝርዝር አስቀምጧል። ሱረቱ ኒሳእ ላይ አንቀጽ 11፣ 12 እና 176 ተመልከቱ። ስለ ፍቺ፣ ስለ ዒዳ (ሴት ከፍቺ ወይም ከባል ሞት በኋላ የምትጠብቀው ጊዜ)፣ የብድር ውል በጽሑፍ ስለማድረግም ይናገራል። ችሎት ላይ የሚያጋጥመው ዝርዝር ግን አብዛኛው ሊቃውንት ለብዙ መቶ ዓመታት የደከሙበት ነው።

መነሻው ትንሽ ነበር። ነቢዩ ሙሐመድ (ሰ.ዐ.ወ.) ሙዓዝ ኢብን ጀበልን ወደ የመን ሲልኩት «በምን ትፈርዳለህ?» ብለው እንደጠየቁት ይነገራል። በአላህ መጽሐፍ አለ። እዚያ ባታገኝስ? በመልእክተኛው ሱና (በንግግራቸውና በተግባራቸው)። እዚያም ባታገኝስ? አእምሮዬን አሠራለሁ፣ አልሰንፍም። የዘገባው ሰንሰለት (ማን ከማን እንደሰማው) ላይ ሊቃውንት ተከራክረዋል፣ ሐሳቡ ግን በሕግ ትምህርት ውስጥ ትልቅ ቦታ አለው። ኸሊፋው ዑመር ደግሞ በድርቁ ዓመት ሰው በረሃብ ሲሰርቅ የስርቆትን ቅጣት አለመፈጸማቸው ይታወቃል። ሕጉን ንቀው አይደለም። ሕጉ የሚፈልገው ሁኔታ አልተሟላም ብለው ነው።

ከዚያ ትምህርት ቤቶቹ መጡ፤ መዝሀብ የምንላቸው። አቡ ሐኒፋ ከኩፋ (እ.ኤ.አ. በ767 ሞቱ)፣ ማሊክ ከመዲና (795)፣ ሻፊዒ ግብፅ ላይ (820)፣ አሕመድ ኢብን ሐንበል ከባግዳድ (855)። ምንጮቹን በሥርዓት ያስቀመጡት ሻፊዒ ናቸው፤ ቁርኣን፣ ሱና፣ የሊቃውንት ስምምነት፣ ቀጥሎም ያልተጻፈውን በተጻፈው መመዘን።

እኔን ሁልጊዜ የሚገርመኝ የሻፊዒ ሕይወት ነው። ኢራቅ ሳሉ ብዙ ብይን ሰጡ። ወደ ግብፅ ሲሄዱ ግን ብዙዎቹን ለወጡ። ተማሪዎቻቸው «የድሮው» እና «አዲሱ» ብለው ሁለቱንም አቆዩ። እስካሁን ይጠናሉ። አንድ ታላቅ ሊቅ ማስረጃ ሲጨምርና አገር ሲያይ ሐሳቡን ለውጧል፣ ማንም ሃይማኖቱን ጣለ አላለውም። ዛሬ «ሸሪዓ አይንቀሳቀስም» የሚል ወገን አለ። «ሸሪዓ ኋላ ቀር ነው» የሚል ሌላ ወገንም አለ። ሁለቱም ይህን ታሪክ ቢያውቁት ደስ ይለኛል።

ማሊክም እንዲሁ። ኸሊፋው መጽሐፋቸውን የግዛቱ ሁሉ ሕግ ላድርገው ሲላቸው እምቢ አሉ ይባላል። ሰው በየአገሩ የተለያየ እውቀት ደርሶታል፣ በአንድ አታስገድዳቸው አሉ። ለዚህ ነው ሕጉ ለብዙ ዘመን በአንድ የአዋጅ መጽሐፍ ያልታሰረው።

እኛ ጋ ሻፊዒ ለምን በዛ?

በባሕሩ ምክንያት። የሐረር ነጋዴ በዘይላ በኩል ከየመን ጋር ይገናኝ ነበር፣ የየመን ዳርቻ ደግሞ ሻፊዒ ነው። መምህርም ኪታብም በዚያው መንገድ መጣ። አዋጁ በዚህ መዝሀብ ፍረዱ ብሎ አላዘዘም። ነገር ግን ምሥራቁ የተማረው በሻፊዒ ስለሆነ ልማዱ እሱ ነው። ልዩነቱ የሚታየው በዝርዝር ላይ ነው። ለምሳሌ ከፍቺ በኋላ ልጅ እናቱ ጋ ያድጋል። ነገር መለየት ሲጀምር፣ ሰባት ዓመት ገደማ፣ በሻፊዒዎች ዘንድ ከእናትና ከአባቱ ይመርጣል። ሌላው መዝሀብ ሌላ ዕድሜና ሌላ መንገድ አለው።

ድሮ የሐረር ቃዲ ሁሉን ነገር ይዳኝ ነበር ይባላል። ለምን ቤተሰብ ላይ ብቻ ቀረ?

እውነት ነው። ሐረር እ.ኤ.አ. ከ1647 እስከ 1887 በአሚሮች የምትተዳደር ነበረች። መካከል ላይ ከ1875 እስከ 1885 ግብፆች ይዘዋት ነበር። በአሚሮቹ ዘመን የመሬት ሽያጭ ሳይቀር በዐረብኛ ተጽፎ ይመዘገብ ነበር። ከእነዚያ መዝገቦች እስካሁን የተረፉ አሉ። ሻጭ፣ ገዢ፣ ወሰን፣ ምስክር ሁሉ በወጉ ተጽፏል። የቀድሞ አባቶቻችን ወረቀት ላይ ከእኛ ይጠነቀቁ ነበር ማለት ነው።

በ1879 ዓ.ም. ከጨለንቆ ጦርነት በኋላ ከተማዋ በምኒልክ ሥር ገባች። የኢትዮጵያ መንግሥት ለእስልምና ፍርድ ቤቶች በአዋጅ እውቅና የሰጠው ጣሊያን ከወጣ በኋላ ነው። የ1936 ዓ.ም. አዋጅ ቁጥር 62 የናኢቦችና (የቃዲ ምክትሎች) የቃዲዎች ምክር ቤቶችን አደራጀ። ሥልጣናቸውን ግን በጋብቻ፣ በፍቺ፣ በውርስና በወቅፍ ገደበው። በ1952 ዓ.ም. የፍትሐ ብሔር ሕጉ ሲወጣ ለሙስሊሞች የተለየ ምዕራፍ አልነበረውም። ፍርድ ቤቶቹ ግን ሥራቸውን ቀጠሉ። ሕጉ ዝም ብሏቸው፣ ሕዝቡ ደግሞ ይዟቸው ኖሩ። ሚያዝያ 12 ቀን 1966 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ ሙስሊሞች ትልቅ ሰልፍ ሲወጡ ካነሷቸው ጥያቄዎች አንዱ የሸሪዓ ፍርድ ቤቶች ጉዳይ ነበር። ጥርት ያለ ሕገ መንግሥታዊ መልስ የመጣው በ1987 ነው።

መጥበቡ ግን የእኛ አገር ነገር ብቻ አይደለም። ኦቶማኖች እ.ኤ.አ. ከ1869 እስከ 1876 የሐነፊን (የአቡ ሐኒፋን መዝሀብ) የፍትሐ ብሔር ሕግ በ1,851 አንቀጽ ጽፈው መጀለ አሉት። ሕጉ ከሊቃውንት እጅ ወጥቶ በመንግሥት አንቀጽ መጻፍ የጀመረው በዚህ ጊዜ ነው ማለት ይቻላል። ግብፅ በ1883 ከፈረንሳይ የተቀዳ ሕግ ለንግድና ለውል አመጣች። በሌሎች አገሮችም ቅኝ ገዢዎች ግብሩን፣ ንግዱንና ወንጀሉን ራሳቸው ይዘው ትዳርና ውርስን ለቃዲ ተዉ። ዛሬ በብዙ አገር የምናየው ቅርጽ የዚያ ዘመን ውርስ ነው።

ዛሬ ሌሎች አገሮች እንዴት ያደርጋሉ?

በጣም ይለያያሉ። ቱኒዚያ በ1956 እ.ኤ.አ. ባወጣችው የቤተሰብ ሕግ ከአንድ በላይ ማግባትን ከለከለች። ሞሮኮ በ2004 የቤተሰብ ሕጓን አሻሽላ የጋብቻ ዕድሜን 18 አደረገች። ሳዑዲ ለረጅም ጊዜ ዳኞቿ ከፊቅህ (ሊቃውንት ካዳበሩት የእስልምና ሕግ) ኪታብ እያነበቡ ሲፈርዱ ኖረው የቤተሰብ ጉዳይን በአንቀጽ የጻፈችው በ2022 ነው። ለእኛ የምትቀርበው ኬንያ ናት። የ2010 ሕገ መንግሥቷ በአንቀጽ 170 የቃዲ ፍርድ ቤቶችን ያውቃል፣ ተከራካሪዎቹ ሁሉ ሙስሊም ሆነው ሲስማሙ ብቻ።

ውርስ በሸሪዓና በመደበኛው ሕግ እንዴት ይለያል? በቁጥር ንገሩኝ።

እሺ። ትልቁ ጭቅጭቅ እዚህ ላይ ስለሆነ ቀስ ብለን እንሂድ።

በሸሪዓ መጀመሪያ የቀብር ወጪ፣ ቀጥሎ ዕዳ፣ ቀጥሎ ኑዛዜ ይወጣል። ያልተከፈለ መህር (ባል ለጋብቻው ለሚስት የሚሰጠው) ዕዳ ነው! ብዙ ሚስቶች ይህን አያነሱም። ኒካህ (የሃይማኖቱ የጋብቻ ውል) ላይ የተጻፈው መህር ካልተከፈላችሁ ከክፍፍሉ በፊት ጠይቁ። ከዚያ የቀረው ለወራሾች ነው። ልጅ ካለ ሚስት ስምንተኛ፣ ባል አራተኛ ይወስዳሉ። ልጅ ከሌለ ሚስት አራተኛ፣ ባል ግማሽ። ወንድና ሴት ልጆች አብረው ሲወርሱ ወንዱ የሁለት ሴት ድርሻ ያገኛል።

በመደበኛው ሕግ ሁለት ነገር ይለያል። ልጆች ወንድም ሴትም እኩል ይወርሳሉ። ሚስት ደግሞ ኑዛዜ ከሌለ ወራሽ አይደለችም! ይህን ስነግራቸው የማይደነግጡ ጥቂት ናቸው። የእሷ መብት የሚመጣው በሌላ በር ነው። በትዳር ውስጥ የተፈራ ንብረት የጋራ ስለሆነ ግማሹ መጀመሪያውኑ የእሷ ነው። የሚወረሰው የባል ግማሽ ብቻ ነው።

ምሳሌ እንውሰድ። አባት ሞተ። ሚስት፣ አንድ ወንድና ሁለት ሴት ልጆች አሉ። እናት፣ አባት ወይም ሌላ ሚስት የለውም። ቤቱ በትዳር ዘመን የተሠራ ነው፣ ግምቱም 2,400,000 ብር ነው እንበል። ዕዳ የለም።

በመደበኛው ሕግ፦ ሚስት 1,200,000 በጋራ ንብረት ትወስዳለች። ቀሪው 1,200,000 ለሦስት ልጆች እኩል፣ ለእያንዳንዱ 400,000።

በሸሪዓ፣ ቤቱ በሙሉ የባል ነው ተብሎ ከተያዘ፦ ሚስት ስምንተኛ፣ 300,000። ቀሪው 2,100,000 ነው። ወንዱ 1,050,000፣ ሴቶቹ እያንዳንዳቸው 525,000።

በሸሪዓ፣ ግን ግማሹ የሚስት መሆኑ ተረጋግጦ ከወጣ በኋላ፦ የሚወረሰው 1,200,000 ነው። ሚስት ከዚህ 150,000 ጨምራ በጠቅላላው 1,350,000 ታገኛለች። ወንዱ 525,000፣ ሴቶቹ እያንዳንዳቸው 262,500።

እዩት እስቲ። ሚስት ከ300,000 ወደ 1,350,000 የምትሄደው በዚያው በሸሪዓ ውስጥ ሆና ነው። ልዩነቱን ያመጣው ስምንተኛው አይደለም። «የሟቹ ንብረት የቱ ነው?» የሚለው ጥያቄ ነው። በእስልምና ሕግ ሚስት የራሷ ንብረት ባለቤት ናት፤ ባል ከእሷ ገንዘብ ላይ መብት የለውም። ታይዋን ገበያ ነግዳ ቤቱን አብራ የሠራች ሴት ያወጣችው የእሷ ነው፣ ውርስ አይደለም። ግን ማስረዳት አለባት። መደበኛው ሕግ የጋራ ነው ብሎ ይጀምራል፣ አይደለም የሚል ያስረዳል። በሸሪዓ የእኔ ነው የምትል እሷ ታስረዳለች። ስለዚህ የባንክ ደብተር፣ ደረሰኝ፣ ወርቅ የተሸጠበት ወረቀት፣ ሁሉንም አስቀምጡ። ለዚህ ነው ከፈቃዱ በፊት ሒሳቡን ሥሩ የምለው።

ቤቱን ለአንዷ ልጄ ብናዘዝላትስ?

በሸሪዓ ለወራሽ ኑዛዜ የለም፣ ሌሎቹ ወራሾች ካልፈቀዱ በቀር። ወራሽ ላልሆነ ሰውም ቢሆን ከሲሶ በላይ አይሄድም። ሰዕድ ኢብን አቢ ወቃስ ንብረታቸውን ሊናዘዙ ሲጠይቁ ነቢዩ «ሲሶ፣ ሲሶም ብዙ ነው» አሏቸው። በሕይወት ሳሉ መስጠት ግን ይቻላል። ስጦታው የሚጸናው ልጅቷ ስትረከበው ነው። እዚያም ላይ በልጆች መካከል ፍትሐዊ ሁኑ የሚል ሐዲስ (የነቢዩ ቃል) አለ። የምትንከባከባችሁን ልጅ ልትጠቅሙ ከፈለጋችሁ ሌሎቹ እያወቁ፣ በጤናችሁ ጊዜ አድርጉት።

ሴት ፍቺ መጠየቅ ትችላለች?

ትችላለች። ባል ቀለብ ካልሰጠ፣ ከጎዳት ወይም ከጠፋ ቃዲው ጋብቻውን ሊያፈርስ ይችላል። ሌላው መንገድ ኹልዕ ነው፤ ሚስት መህሯን መልሳ የምትለያይበት። የሳቢት ኢብን ቀይስ ሚስት በባሌ ሃይማኖትና ጠባይ ነውር አላየሁበትም፣ ግን አብሬው መኖር አልችልም ብላ ነቢዩ ጋ መጣች። መህር ያገኘችውን የአትክልት ቦታ መለሰች፣ ተለያዩ። ግብፅ በ2000 እ.ኤ.አ. ይህንኑ መሠረት አድርጋ ባል ባይስማማም ዳኛ እንዲወስን የሚያደርግ ሕግ አወጣች።

ሁለተኛ ሚስት ማግባት በሕግ ይፈቀዳል?

ድሬዳዋ ላይ የሚሠራው የቤተሰብ ሕግ አይፈቅድም። የወንጀል ሕጉ በአንቀጽ 650 ይቀጣል፤ አንቀጽ 651 ደግሞ በሕግ በታወቀ የሃይማኖት ወይም የባህል ሥርዓት የተፈጸመውን ከዚህ ቅጣት ያወጣል። ያ ማለት ግን የፍትሐ ብሔር መዘዙ ቀረ ማለት አይደለም። ደግሞ በሸሪዓ ውርስ ሁለት ሚስቶች ቢኖሩ ስምንተኛው አይባዛም፣ ያው ስምንተኛ ለሁለት ይካፈላል። ለሁለተኛ የምትዳር ልጅ ይህን አስቀድሞ የሚነግራት ዘመድ ይኑራት።

ልጅቷ 16 ዓመቷ ነው፣ ኒካህ ብቻ እናስር ብንልስ?

አይሆንም። ዕድሜው 18 ነው። ጋብቻው በሃይማኖትም ቢፈጸም ለውጥ የለውም። የወንጀል ሕጉ አንቀጽ 648 ያስቀጣል። ልጅቷን አስተምሩ።

ባሌ ሙስሊም ነበር፣ እኔ ክርስቲያን ነኝ። እወርሳለሁ?

ድሬ ድብልቅ ከተማ ናትና ይህ ጥያቄ አይጠፋም። በነባሩ የፊቅህ ሕግ ሙስሊም ያልሆነ ከሙስሊም አይወርስም። ነገር ግን ወራሽ ስላልሆንሽ ባልሽ በሕይወቱ እያለ እስከ ሲሶ ሊናዘዝልሽ ይችል ነበር። በራስሽ ገንዘብ ያፈራሽው ንብረትና ያልተከፈለሽ መህር ደግሞ የአንቺ ነው። በመደበኛ ፍርድ ቤት የጋራ ንብረት ግማሽሽን ለማግኘት ሃይማኖትሽ አይጠየቅም። ስለዚህ መጥሪያ ሲደርስሽ ከማንም በፊት አንቺ ነሽ በጥንቃቄ ማሰብ ያለብሽ።

የአያታችን ቤት ለመስጊድ ወቅፍ ነበር። አሁን ልናስመልሰው እንችላለን?

ወቅፍ አይሸጥም፣ አይወረስም። ችግሩ ግን በ1967 ዓ.ም. የወጣው የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት አዋጅ ነው። ቤቱ በዚያን ጊዜ ተወርሶ ከሆነ ከመስጊዱ ጋር ሳይሆን ከመንግሥት ይዞታ ጋር ነው ነገራችሁ። መጀመሪያ አሮጌውን የወቅፍ ወረቀት ፈልጉ። በዐረብኛ ስለሚሆን የሚያነብላችሁ ሰው አብራችሁ ያዙ።

ውሳኔው ካላስደሰተኝስ?

ይግባኝ አለ። ከፌዴራሉ መጀመሪያ ደረጃ ወደ ከፍተኛው የሸሪዓ ፍርድ ቤት፣ ከዚያ ወደ ጠቅላዩ። በሌላችሁበት ከተወሰነና መጥሪያው በአግባቡ ካልደረሳችሁ ደግሞ በፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕጉ አንቀጽ 78 ውሳኔውን ባወቃችሁ በአንድ ወር ውስጥ እንዲነሳ ማመልከት ትችላላችሁ። ፈቃዳችሁ ተጥሶ ከሆነ የሕገ መንግሥት ጉዳዮች አጣሪ ጉባኤ ድረስ መንገድ አለ። ጊዜ ግን አይጠብቅም። ውሳኔው በተነበበ ዕለት እዚያው መዝገብ ቤት የውሳኔውን ግልባጭ ጠይቁ፣ የይግባኝ ቀኑን አስቆጥሩ፣ ደረሰኙን ሳትቀበሉ አትውጡ።